«ዲ ላይ ያለው አይነካም»

ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ የሄደ ሰው ይህን አባባል ሳይሰማ አይመለስም። ማሽኑ ተንቀራፎ ወይም ቫይረስ ገብቶበት ትወስዱታላችሁ፤ ልጁ አየት ያደርገውና «ፎርማት ነው የሚያዋጣው» ይላል። «ፋይሌስ?» ስትሉት «አታስቡ፣ ዲ ላይ ያለው አይነካም» ብሎ ያረጋጋችኋል።

አልዋሸም። ሃርድ ዲስኩ ለሁለት ተከፍሎ ዊንዶውሱና ፕሮግራሞቹ ሲ ላይ፣ የእናንተ ሰነዶች ደግሞ ዲ ላይ ከሆኑ፣ ፎርማት የሚጠርገው ሲን ብቻ ነው። ነገር ግን ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ላለው ሰው ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው እዚያው ሲ ላይ ነው። ዛሬ የምጽፈው ይህ ኪሳራ ከየት እንደመጣና እንዴት ማምለጥ እንደሚቻል ነው። (እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

መተማ ዮሐንስ ውስጥ አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ባለቤቷን እኛ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ማሽናቸው በ1997 የገዙት ፔንቲየም 4 ሲሆን የሚሠራውም በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። የጎን ክዳኑ ከተነሳ ዓመታት አልፈዋል፤ በቆላው ሙቀት እየጋለ እንዳይጠፋባቸው የጠረጴዛ ቬንትሌተር አዙረውበታል። በሰሊጥ ሰሞን የጭነት መኪናው አቧራ ስለሚገባበት በየሳምንቱ በብሩሽ ያራግፉታል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ስለሞተ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እትዬም መጀመሪያ የሚያደርጉት ቀን ማስተካከል ነው።

«ለምን አይቀይሩትም?» አልኳቸው።

«ልጆቹም ይሉኛል። እኔም ወድጄው አይደለም። የሰው ውል፣ የሰው ኑዛዜ፣ የሰው አቤቱታ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ሌላ ላይ አይነበብም» አሉኝ።

እኔ የሄድኩት የአጎቴን ጽሑፍ ፍለጋ ነበር። አጎቴ መምህር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከመተማ እስከ ቋራ ሽማግሌ እየጠየቁ የመንደርና የወንዝ ስሞችን ከነአመጣጣቸው ይሰበስቡ ያዙ። ከስሞቹ ከፊሉ ከአማርኛ፣ ከፊሉ ከጉሙዝ፣ ከፊሉ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። በ1998 እትዬ ዘንድ አስጻፉት፤ 64 ገጽ ሆነ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የት እንደገባ አይታወቅም። አጎቴ አርፈዋል፤ ከነገሯቸውም ሽማግሌዎች አብዛኞቹ የሉም። የቀረው ፋይሉ ነው።

በፍላሽ ወስጄ ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ አናታቸው ላይ ነጥብና ጭረት ያለባቸው አናባቢዎች ገጹን ሞልተውታል። ፋይሉ ተበላሸ ብዬ ክው አልኩ። እትዬ ሳቁብኝ። ያንኑ ፍላሽ ተቀብለው በራሳቸው ማሽን ሲከፍቱት የአጎቴ ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ፋይሉ ደህና ነበር። እኔ ዘንድ ያልነበረው ቁልፉ ነው። ቁልፉ ደግሞ የእትዬ ማሽን ሲ ላይ ነው ያለው።

ፊደላችን ከማሽን ጋር ሲታገል

ነገሩን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የፊደል ገበታችን ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። ዲቃሎቹ፣ ማለትም እነ «ቋ»፣ «ጓ»፣ «ኳ»፣ ከዚያም ሃያዎቹ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉበት ቁጥሩ ወደ 300 ይጠጋል። ለሃያ ስድስት ፊደል የተሠራ ማሽን ይህን ሁሉ ከየት ያምጣው?

ችግሩ በኮምፒውተር አልተጀመረም። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሳ ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። በመኪናው ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ መምቻ መስጠት ስለማይቻል መላው ፊደሉን ቆራርጦ መቀጠል ነበር፤ መጀመሪያ ግንዱ ይመታል፣ ከዚያ ለካዕቡ ወይም ለሣልሱ ቅጥያው ይለጠፍበታል። በየመሥሪያ ቤቱ የቆየ ደብዳቤ ያነበበ ሰው እነዚያን ከአካላቸው ፈንጠር ያሉ የፊደል እግሮች ያስታውሳል። መልኩ ባያምርም ወረቀት ላይ የሰፈረው ግን ፊደል ነው። የጽሕፈት መኪናው ቢሰበር ደብዳቤው ይነበባል።

ኮምፒውተር የተለየ ጠባይ አለው። ኮምፒውተር ፊደል አያስቀምጥም፤ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝኛ 104 ቁጥር ትንሿ «ኤች» ናት፤ ፋይሉ ውስጥ የሚገባው 104 ሲሆን ቁጥሩን አይቶ ስክሪን ላይ «ኤች» የሚስለው ፎንቱ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያም ላይ በርካታው ለማሽኑ ለራሱ ትእዛዝ የተያዘ ነው። የእኛ 300 ፊደል በዚያ ውስጥ አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ ይዘው ተነሱ። ዳሸን ኢንጂነሪንግን የመሠረቱት አቶ ፍስሐ አጥላውና የእንስሳት ሐኪሙ ዶ/ር አበራ ሞላ ከቀዳሚዎቹ ናቸው። በኋላም በአገር ውስጥና በውጭ በርካታ ፕሮግራሞች ተከተሉ፦ አጋፋሪ፣ ብራና፣ ዋሸራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ጋዜጣና መጽሔት የሠራ፣ መጽሐፍ ያሳተመ፣ ወይም የመመረቂያ ጽሑፉን ያስጻፈ ሰው ከእነዚህ የአንዱ ባለዕዳ ነው።

መላው ብልሃት የተሞላበት ነበር። የላቲን ፊደሎቹን ሥዕል ከፎንቱ አውጥተው በቦታቸው የእኛን ፊደል አስገቡ። ኮምፒውተሩ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ይመስለዋል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን አማርኛ ነው። 256ቱ ቦታ ስላልበቃ አንዳንዶቹ እንደ ጽሕፈት መኪናው ግንድና ቅጥያ አደረጉት። ሌሎቹ ደግሞ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈሉት፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልጉት በአንደኛው፣ ዲቃሎቹና አኃዞቹ በሁለተኛው። ስምምነት ግን አልነበረም። 104 ቁጥር አንዱ ዘንድ «ሀ» ቢሆን ሌላው ዘንድ «ሸ» ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ገበታ ዘረጋ።

ይህን የምለው ሠሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ማይክሮሶፍት ፊደላችንን ዞር ብሎ ባላየበት ዘመን እነሱ ባይኖሩ ኖሮ የእኛ ትውልድ የቢሮ ሥራውን በእንግሊዝኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ ይሠራው ነበር። እንዲያውም ያንንም የሞከሩ አሉ። በእነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድ ይወቅ የተዘጋጀው «ሴራ» የተባለው ሥርዓት አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፊያ ደንብ ነበር። ለዓይን ባይመችም አንድ ነገር ተርፎለታል፤ በሴራ የተጻፈ ኢሜይል ዛሬም በየትኛውም ማሽን ይከፈታል። የእትዬ ፋይሎች ግን አይከፈቱም።

አዲሱ ቤት ተሠራ፣ ዕቃው ግን አልተዛወረም

መፍትሔው የመጣው የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ገበታ ካሰፈረው ከዩኒኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999፣ ማለትም በእኛ 1992 ዓ.ም. መባቻ፣ የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ። ከዚያ ወዲያ «ሀ» በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ማሽን «ሀ» ነው። በ1999 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ቀጥሎም ስልኮቹ አማርኛ ማንበብና መጻፍ ቻሉ። ይህን ጽሑፍ በቴሌግራም የምታነቡት በዚያ ምክንያት ነው።

አጎቴ ግን በ1998 ሲያስጻፉ ዩኒኮድ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነበር። ለምን እትዬ አልተጠቀሙበትም? መልሱ ቀላል ነው። ጣታቸው የለመደው የድሮውን ነው፤ ደንበኛውም ፋይሉን የሚወስደው ያው የድሮው ፕሮግራም ወዳለበት ማተሚያ ቤት ነው፤ ኤክስፒው ላይም የግዕዝ ፎንት አብሮ አልመጣም። ሥራው በእጃቸው እየሄደላቸው ለምን ይቀይሩታል? ስለዚህ በአገራችን ደንቡ ከወጣ በኋላም ለብዙ ዓመት ሰነድ በድሮው ገበታ መጻፉ ቀጠለ።

ማሽኖቹ ግን አይጠብቁም። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚያደርገውን ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006፣ ለዊንዶውስ 10 የሚያደርገውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቆመ። የመጀመሪያዎቹ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ጨርሶ አይነሱም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሌላ ዓይነት የለውም። የደህንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅም የቆየ ማሽን ላይ በወጉ አይጫንም። አዲስ ማሽን ልግዛ ሲሉ የድሮው ፕሮግራም አይሄድም፤ በድሮው ልቆይ ሲሉ ሃርድ ዲስኩ አንድ ቀን ጮሆ ይቆማል።

ይህ የአማርኛ ጽሑፍ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሒሳብ ባለሙያዎቻችንን ጠይቁ። ፒችትሪ የሚባለው ፕሮግራም ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ዘንድ ግን ዛሬም ለፒችትሪ 2010 ተብሎ ተከባክቦ የተያዘ ኮምፒውተር ያለበት መሥሪያ ቤት አለ። ይህን «ኋላ ቀርነት» የሚሉት አሉ። አይደለም። የዓመታት ሒሳብ በውስጡ ያለበትን ማሽን የሚጠብቅ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። ጥያቄው ማሽኑ ከመሞቱ በፊት ምን ማድረግ አለበት ነው።

ብራናውና ፍላሹ

መተማ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው 1881 ዓ.ም.ን ነው፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁበትን። ቋራ ሲባል ደግሞ አፄ ቴዎድሮስን። ሁለቱም ተገቢ ነው። ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ጭምር አሰባስበው መቅደላ ላይ ካከማቿቸው የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ በ1860 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተጭነው ሄደው ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ተዘርፈዋል፣ ከአገር ርቀዋል። ግን ይነበባሉ። ግዕዝ የሚያውቅ አንድ ደብተራ ከዚህ ተነስቶ ሄዶ ሣጥኑ ቢከፈትለት፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የተጻፈውን ያለ ማንም አስተርጓሚ ያነበዋል።

የአጎቴ ጽሑፍ ገና ሃያ ዓመቱ ነው። ማንም አልዘረፈውም፤ እኔው ኪስ ውስጥ ነበር። ግን አልተነበበም።

ይህ ቆላ ስለ ነገሥታቱ የተጻፈለት ብዙ ነው፤ ስለ ተራ ሰው የተጻፈለት ግን ጥቂት ነው። ማን መቼ ከየት መጥቶ እንደሰፈረ፣ የትኛው መሬት ለማን እንደተከራየ፣ ከጋላባት ወዲህና ወዲያ የሚነግደው ሰው በምን ውል እንደተዋዋለ፣ አባት ለልጁ ምን እንደተናዘዘ የሚገኘው እንደ እትዬ ባሉ ጽሕፈት ቤቶች ፋይል ውስጥ ነው። የነገ ታሪክ ጸሐፊ የሚፈልገው ይህን ነው። ታሪኩን ትተን ስለ ዛሬው እንኳ ብንናገር፣ በመሬት ጉዳይ የሚከራከር ሰው የውሉ ቅጂ ቢጠፋበት የሚሮጠው ወደ ጻፈለት ቤት ነው። እዚያ «ፎርማት ተደርጓል፤ ዲ ላይ ያለው ግን አለ» ቢባል ምን ይጠቅመዋል?

በዓለም ላይ ይህን የተጋፈጥነው እኛ ብቻ አይደለንም። ምያንማር ውስጥ «ዛውጂ» የሚባል ከዩኒኮድ ጋር የማይስማማ ፎንት አገሩን ሁሉ ሞልቶት ነበር። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ አገሪቱ ወደ ዩኒኮድ እንድትሻገር ቀን ቆረጠ፤ ስልክ ሻጩም፣ ጋዜጣውም፣ መሥሪያ ቤቱም በዚያ ቀን ዙሪያ ተሰለፈ። እኛ ዘንድ አዲሱ ስልክ ሲገባ አዲሱ ፊደል አብሮ ገባ፤ አሮጌው ፋይል ግን እንዲሁ አሮጌው ማሽን ውስጥ ቀረ። ማሽኑ ሲጣል አብሮ ይጣላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከአጎቴ ፋይል ጋር ስታገል የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ማንኛውም የቆየ ኮምፒውተር ፎርማት ከመደረጉ በፊት ሲ ላይ ካለው የዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ የፎንት ማኅደሩ ሙሉ በሙሉ ይገልበጥ። ቦታ አይፈጅም፤ ደቂቃም አይወስድም። ፎንቶቹን አዲሱ ማሽን ላይ ስትጭኗቸው አብዛኛው ሰነድ ወዲያው ይነበባል። እኔም እንዲሁ አድርጌ ነው የአጎቴን ጽሑፍ ላፕቶፔ ላይ ያየሁት። የፕሮግራሙ ሲዲ ወይም መጫኛ ፋይል ካለ እሱም አብሮ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ሰነዱን ለማረም ፕሮግራሙ ራሱ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ አሮጌውን ኮምፒውተር በአዲሱ ውስጥ ማኖር ይቻላል። ቨርቹዋልቦክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በአዲሱ ማሽን ላይ ኤክስፒ እንደ አንድ መስኮት ይከፈታል፣ የድሮው ፕሮግራም እዚያ ውስጥ ይሠራል። ማይክሮሶፍት ራሱ ዊንዶውስ 7ን ሲያወጣ ለድርጅቶች በሚሸጣቸው ዓይነቶች ላይ ተመሳሳይ ነገር ሰጥቶ ነበር። የዶስ ዘመን ፕሮግራም ላላቸው ደግሞ ዶስቦክስ አለ። ውስጥ ያለው ኤክስፒ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝ፤ ጥበቃ የለውም።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱን አስፈላጊ ሰነድ ከአሮጌው ማሽን ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት ወይም አትሙት። ፒዲኤፉ ምስክር ነው፤ ፊደሉ በመጀመሪያ ምን ይመስል እንደነበር ያሳያል።

አራተኛ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ። ለዚህ የሚሆኑ መለወጫዎች አሉ። ፎንት ብቻ ጭኖ መቀመጥ አይበቃም፤ በድሮው ገበታ የተጻፈ ሰነድ ውስጥ ስም መፈለግ አይቻልም፤ በስልክም አይላክም፤ የሚቀጥለው ፎርማት ሲመጣም ያው ችግር ይመለሳል። ስትለውጡ ሰነዱን ወደ ኖትፓድ ገልብጣችሁ እንዳትጀምሩ። ኖትፓድ ቁጥሩን እንጂ የትኛው ፎንት እንደነበረ አይይዝም። በሁለት ፎንት የተከፋፈለ ጽሑፍ እዚያ ሲገባ ይደባለቃል።

ይህን የመጨረሻውን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። የአጎቴን 64 ገጽ መጀመሪያ በኖትፓድ በኩል ነበር ያሳለፍኩት። ውጤቱ ያምር ነበር፤ አማርኛ ሆነ፣ ደስ አለኝ። ሳነበው ግን በእትዬ ፕሮግራም ዲቃሎቹ የነበሩት በሁለተኛው ፎንት ኖሮ፣ «ቋ» እና «ጓ» ባሉበት ሁሉ ሌላ ፊደል ገብቷል። «ቋንቋ» ተበላሽቶ አየሁት፤ አረምኩት። «ቋራ» ተበላሽቶ አየሁት፤ እሱንም አረምኩት። ማን ያጣዋል?

ከዚያ የወንዞቹ ስም ዝርዝር ጋ ደረስኩ። ከጉሙዝ የመጡ፣ በካርታ ላይ ያላየኋቸው የትንንሽ ወንዞች ስሞች። የትኛው ፊደል ትክክል እንደሆነ፣ የትኛው እንደተቀየረ በግምት ማወቅ አይቻልም። አማርኛ ቢሆን ዐረፍተ ነገሩ ይነግረኝ ነበር። የሰው ስምና የቦታ ስም ግን ከራሱ በቀር ማረሚያ የለውም። አጎቴ ቢኖሩ አንድ ስልክ ደውዬ እጠይቃቸው ነበር።

ወደ እትዬ ተመለስኩ። ቬንትሌተሩ ፊት ቁጭ ብለን፣ እሳቸው ከአሮጌው ስክሪን ስሞቹን እያነበቡልኝ፣ እኔ በላፕቶፔ እያረምኩ ሁለት ቀን ፈጀብን። መሐል ላይ መብራት ሄዶ መጣ፤ እትዬም እንደ ልማዳቸው ቀኑን አስተካክለው ቀጠሉ። አሁን ጽሑፉ በየትኛውም ስልክ ላይ ይነበባል። ለእትዬም የደንበኞቻቸውን ፋይሎች ከፎንቶቹ ጋር በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጠንላቸዋል፤ ልጃቸውም የውሎቹንና የኑዛዜዎቹን ፒዲኤፍ ማውጣት ጀምሯል።

አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ወስነዋል። አሮጌውን ግን የመጨረሻው ፋይል ተለውጦ ከስክሪኑ ጋር እስኪመሳከር ድረስ አይጥሉትም። ትክክል ናቸው።

እናንተም ቤት፣ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ ጥግ ላይ፣ በጨርቅ የተሸፈነ አንድ የድሮ ኮምፒውተር አለ። ጠጋኙ «ዲ ላይ ያለው አይነካም» ሲላችሁ «ሲ ላይ ያለውን ፎንት መጀመሪያ ገልብጥልኝ» በሉት። ይህን ጽሑፍ ጽሕፈት ቤት ላለው፣ መዝገብ ቤት ለሚሠራ፣ ኮምፒውተር ለሚጠግን ወዳጃችሁ አድርሱልኝ።